የኤሌክትሪክ ዝናብን እንደገና ስሰማው

ቦንጋ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ለከፋ ምድር ጌጥ፣ ለቦንጋ ከተማ አክሊል፣ ድምፁ ከፏፏቴ ለሚልቅ፣ ስሙ ባሕር ተሻግሮ ለተጠራ፣ ዘመን ላላደበዘዘው የጥበብ ፈርጥ፣ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? የጤናህን ነገር ልጅህ ማርቲ በየማለዳው በስልክ ስለምትነግረኝ እንዳልሰማ ሰው መጠየቄ ማስመሰል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፍ የረገጠ እንግዳ ነው እያለ ያሳደገን አባታችን በመቃብሩ ቅር እንዳይለው፣ በወጉ እጠይቅሃለሁ። ጉሮሮህ ያስተኛሃል? የሆስፒታሉ ሾርባ ይወርድልሃል? ልጅህስ፣ አንተን በማስታመም ከሰውነት ተራ የወጣችው ልጅህ፣ እህል ትቀምሳለች? እኔ ከጉልበቴና ከግራ ዓይኔ በቀር የሚያስከፋኝ የለም። ፍልሰታን እንደ ልማዴ በጥሬና በውኃ ይዣለሁ። ዝናቡ ከሰኔ ወዲህ አላባራም፤ የጓሮው እንሰት ቅጠሉን ዘርግቶ መስኮቴን ጋርዶታል፤ ላሚቱም ወልዳለች፣ ጥጃው ግን እንደ አንተ ጩኸት እንጂ አቅም የለውም።

ከላይ ያነበብኸው ውዳሴ ከእኔ የመጣ መስሎህ እንዳትሞቅበት። በአደባባዩ ላይ ከተሰቀለው ባነር ቃል በቃል የገለበጥሁት ነው፤ ከመላው ሐረግ የእኔ የሆነው ‹ለታናሽ ወንድሜ› የሚለው ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን፣ ጌጡንም አክሊሉንም ፏፏቴውንም፣ ለባለቤቶቹ መልሻለሁ። ባነሩ በእኔ በር ላይ ምን ጉድ እንዳመጣ ዝቅ ብለህ ታገኘዋለህ። አስቀድሜ ግን የጠየቅኸኝን ልመልስ።

ባለፈው ሳምንት ማርቲ ስልኩን ጆሮህ ላይ ደግፋልህ፣ ከሰው ድምፅ ይልቅ ደረቅ ሣር ሲታጨድ በሚመስል ሹክሹክታ፣ ‹እታለም፣ ያንን የድሮ ካሴቴን ፈረንጆች በሸክላ ሊያሳትሙት ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ከጊዜው የቀደመ ሥራ ነው ይሉታል፤ አንቺ ግን ደግመሽ ስሚውና ማክሰኞ ሳልገባ እውነቱን ንገሪኝ› አልኸኝ። ከፍልሰታ ፍቺ ቀጥሎ በሚመጣው ማክሰኞ ሐኪሞቹ ጉሮሮህን እንደሚከፍቱ፣ እብጠቱን ሲያወጡ ድምፅህም አብሮ ሊወጣ እንደሚችል፣ ከድምፅህም የሚበልጠው ነገር እንዳይወጣ ዋስትና እንደማይሰጡ ማርቲ አስቀድማ ነግራኛለች። ስልኩን ካንተ ተቀብላም ወደ ኮሪደር ወጣችና፣ ‹አክስቴ፣ በእናትሽ፣ አንዲት መልካም ቃል ንገሪው፤ በአንቺ አፍ የተመሰገነ ዕለት ይድናል› ስትል ለመነችኝ። ልጅቱ ደግ ናት፤ ከማን እንደ ወረሰችው አላውቅም። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ሰዋስው ሲያስተምር ከኖረ አፍ፣ እውነት ለጠየቀ ሰው የማባበያ ቃል አይወጣምና፣ እነሆ ሰምቼዋለሁ፤ ሰምቼውም ፈርጃለሁ፤ ካሴትህ መጥፎ ነው።

ያሰማኝ ማሙሽ ነው። ማሙሽ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ መጥቶ ኮሌጁ ውስጥ የሚያስተምር፣ የጓሮ ክፍሌን የተከራየ፣ ፀጉሩን ከማንጨብረር በቀር ነውር የሌለበት ወጣት ሲሆን፣ አንተን የሚያከብረውን ኮሚቴ ያቋቋመውም እርሱ ነው። ስልኩን የወጥ ድስት ከምታህል ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ሳሎኔ ውስጥ ተቀመጠና፣ ‹እትዬ፣ የዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ኒው ዌቭ ይባላል፤ አዲስ ማዕበል ማለት ነው› አለኝ። ማዕበሉን እጠብቅ ጀመር፤ የመጣው ግን ጎረቤት ሳትዘጋው የሄደችው ቧንቧ ነበር።

ሰላሐዲንን ሳታስታውሰው አትቀርም፤ በመናኸሪያው ፊት ለፊት ካሴት ይሸጥ የነበረው፣ ዛሬ የስልክ ሽፋን የሚሸጠው። ‹ጎጀብ እስኪጎድል› የተባለው አንዱና ብቸኛው ዝነኛ ዘፈንህ አገሩን ካስለቀሰ በኋላ፣ ተከታዩንም ካሴትህን ሰው ይሻማበታል ብሎ በካርቶን አስጭኖት ነበር። ባለፈው ዓርብ በሱቁ በኩል ሳልፍ ምን አደረግኸው ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ወላሂ እትዬ፣ አልከሰርሁበትም፤ መንዙማ ቀዳሁበትና አለቀ። ፕላስቲኩ አንደኛ ነበር፣ ጥፋቱ ውስጡ ያለው ብቻ ነው› አለኝ። ሚስቱ ኸይሪያም ከመጋረጃው ጀርባ ሆና፣ ‹አንዳንዱማ በደንብ አልጠፋም ነበር፤ በመንዙማው መሀል ቲሽ ቲሽ እያለ ደንበኛ ይመልስብን ነበር› ስትል አከለች። ከአንተ ካሴት በዚህች ከተማ የቀረው መታሰቢያ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን የካሴቱን ስም የያዘው ‹የኤሌክትሪክ ዝናብ› ነው፤ ዝናብ ግን የለበትም። በቆርቆሮ ጣራ ሥር የተወለድህ፣ ዝናብ መጀመሪያ በእንሰቱ ቅጠል ላይ እንደ ሐሜት ተንሾካሹኮ፣ ቀጥሎ በሙዙ ላይ አንኳኩቶ፣ በመጨረሻ ጣራውን እንደ ተቆጣ ባለመብት የሚደበድብ መሆኑን ከእናትህ ጡት ጋር የጠባህ አንተ፣ ያንን ሁሉ ሀብት ከደጃፍህ አፍስሰህ፣ ምስር በብረት ድስት ላይ ሲበተን የሚመስል ድምፅ ከባዕድ ማሽን ለመንህ። ‹ከበሮውን የሚመታው ማን ነው?› ብዬ ማሙሽን ጠየቅሁት። ‹ሰው አይደለም እትዬ፣ ድራም ማሽን ነው› አለኝ። ‹ታዲያ የሚደክመው ማን ነው?› አልሁት። ከግዕዝ፣ ከዕዝልና ከአራራይ ያልተወለደ ዜማ አላውቅም ብዬ አልመጻደቅም፤ ከአንድ ሰው ድካም ያልተወለደ ዜማ ግን ምንጊዜም ዲቃላ ነው፣ አባቱን አያውቅም።

በሁለተኛው ዘፈን፣ ‹ልቤ ትራንዚስተር ነው፣ ፍቅርሽ ባትሪዬ፤ ሲደክም ለውጪው፣ አንቺ ፀሐይዬ› ትላለህ። የመሪጌታ ልጅ ነህ። በበራችን ላይ የቅኔ ተማሪዎች ብርድ እየጠበሳቸው ቃል ሲያላምጡ ያድሩ ነበር፤ አንተም ከእነርሱ መሀል ተቀምጠህ ሰምተሃል፤ ሰምተህ ሰምተህ የወለድኸው ባትሪ ነው። ስንኙ ፍሬ አላፈራም ማለት ግን ግፍ ይሆናል፤ ሚስትህ ታንጉት የለመንሃትን ቃል አክብራ፣ ልጅህን ያዝ ብላህ፣ የደከመውን በሌላ ለውጣለች። ማርቲ ይህን ስታነብልህ በእናቷ ነገር ፊቷ ቢጠቁር ይቅርታ ታድርግልኝ፤ ስንኙን የገጠምሁት እኔ አይደለሁም።

በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በቀሩትም ‹ቤቢ› የምትላት ሴት ማን እንደ ሆነች ልትነግረኝ ትችል ይሆናል፤ በቦንጋ እንዲህ የምትባል የለችም፤ በአጎራባቾቹ ከተሞች፣ በደካም በቢታ ገነትም፣ አልተሰማችም። ይህን ሁሉ የምትዘፍነው ደግሞ በአፍንጫህ ነው። እግዚአብሔር የሰጠህን ያንን ሰፊ ደረት፣ እንደ ቅዳሴ መጋረጃ የሚከፈተውን፣ በምን ምክንያት እንደ ዘጋኸው የሽፋኑን ሥዕል ሳይ ተገለጠልኝ፤ ትከሻው የበር መቃን የሚያህል ኮት ለብሰህ፣ እጅጌውን እስከ ክርንህ ሰብስበህ፣ በጨለማ ስቱዲዮ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርገሃል። ማየት የማይፈልግ ሰው የት እንደሚዘፍን እንዴት ያውቃል?

ስለ ‹ጎጀብ እስኪጎድል› ክፉ ላለመናገር አስቤ ነበር፤ ለአንተ ስል ግን እርሱንም አልምረውም። የክረምት ወንዝ ከማዶ ያስቀራትን ልጅ ሲጠብቅ የሚያድር ሰው ዘፈን ነው፤ አንድ ክራር፣ አንድ አኮርዲዮን፣ አንድ የፈራ ልጅ። ሠርግ በተደገሰበት ሁሉ ይዘፈናል፤ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ኦዲተሮች ሳይቀሩ የአንተ እኅት መሆኔን ሲሰሙ እርሱን ያንጎራጉሩልኛል። እውነቱ ግን ሥራውን የሠራው ወንዙ ነው፤ አንተ ዳር ቆመህ ጮኽህ። ሦስተኛው ስንኝ ቤት ቢመታም ያነክሳል፤ ያን ጊዜም ነግሬህ ነበር፤ አልሰማኸኝም።

የፊተኛው ገጽ መዝጊያ ‹የመጨረሻው አውቶቡስ› ይባላል፤ ከሁሉ የከፋው እርሱ ነው። በዚህ ዘፈን መሀል ግን፣ ሁለተኛው አንቀጽ ሲያልቅ፣ ማሽኑ ሁሉ ባለቤቱ እንደ ረሳው ቀጥ ይልና፣ አንተ ከመዝፈንህ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። ሌላ ምንም የለም፤ ትንፋሽ ብቻ። የጊዮርጊስን ዳገት በሩጫ ወጥተህ፣ ‹ቀደምሁሽ እታለም!› ከማለትህ በፊት ትስበው የነበረው የችኩል ልጅ ትንፋሽ ነው። ማሙሽን ድገመው አልሁት፤ ደገመው። አሁንም ድገመው አልሁት። ‹እትዬ፣ እዚህ ጋ እኮ ምንም የለም› አለኝ። ‹እኔስ ምን አልሁ? ከመላው ካሴት ጆሮ የማያቆስለው ምንም የሌለበት ስፍራ ነው› ብዬ መለስሁለት። ልጁ ያቺን ስፍራ ብቻ ቆርጦ በስልኬ ላይ ጫነልኝና ወደ ክፍሉ ሄደ። ትንፋሹም ቢሆን የሚወደስ አይደለም፤ አጭር ነው።

አሁን ወደ ባነሩ ልምጣ። ኮሚቴው ክብርህን ከአንተ ቀድሞ ለማየት ቸኩሎ፣ የወጣትነትህን ፎቶግራፍ ሁለት ፎቅ በሚያህል ሸራ ጅማ ላይ አሳትሞ፣ ከሥሩ ያንን ውዳሴ ጽፎ፣ በመጨረሻም ‹ሁሌም በልባችን ትኖራለህ› የሚል አክሎ፣ እሑድ ማለዳ በአደባባዩ ላይ ሰቀለው። ማሙሽ የእኛን ከተማ ገና አያውቃትም፤ በእኛ ዘንድ ሰው ፎቶው እንዲያ ገዝፎ የሚሰቀለው ለአርባውና ለሙት ዓመቱ እንደ ሆነ የሚነግረው አላገኘም። ቅዳሴ አስቀድሶ የወረደው ሕዝብ ባነሩን አየ፤ አንተም ታመህ እንደ ተኛህ ሰምቶ ነበር፤ የቀረውን ራሱ ጨረሰው።

መጀመሪያ የደረሰችው ጎረቤቴ እትዬ ኮከብ ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ‹ወንድሜን! የጎጀቡን ልጅ!› እያለች ገብታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እርሷን ተከትሎ የዕድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሰብሃት መጣና፣ እንባውን በመዳፉ ጠርጎ፣ ‹እትዬ፣ ድንኳኑን በየት በኩል እንትከለው? ጓሮው እኮ ረግረግ ሆኗል› አለኝ። ከማንኪራ መንደርም አብረውህ ቀፎ የሰቀሉት ሰዎች በዝናብ በእግራቸው መጥተው፣ ለለቀስተኛ የሚሆን ማር በገንቦ አስቀመጡ። አልሞተም ብዬ ብጮህ የሚያምነኝ ጠፋ። ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ድንጋጤ እንዲህ ያደርጋል፤ አስቀምጧት› አሉኝ። አንድ ሰው ውኃ ፊቴ ላይ ረጨ። ‹ትናንት በስልክ አነጋግሬዋለሁ!› ብላቸው፣ እትዬ ኮከብ፣ ‹አዎን እመቤቴ፣ እኔም አባቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን አነጋግሮኛል› አለችኝ።

በለቀስተኛው መሀል ብድግ አልሁ። በሕይወቴ ከፍ ባለ ድምፅ ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ። ይህ የምታለቅሱለት ሰው ዘፈን የማይችል፣ በአፍንጫው የሚያጓራ፣ አንድ ወንዝ አግኝቶ ዕድሜ ልኩን የሸጠ፣ ባትሪውን የጨረሰ ሰነፍ ነው፤ ሚስቱ የለወጠችው፣ እናቱን በጋዜጣ ያማ፣ ለአባቱ ተዝካር ያልመጣ ከንቱ ነው፤ አልሁ። ለቅሶው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። ጋሽ ሰብሃት ደንግጦ፣ ‹ኧረ እትዬ፣ ሙት ይወቀሳል እንዴ?› አለ። ‹አይወቀስም! የመሪጌታ ልጅ ሙት ስትወቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?› አልሁት። ተያዩ። እትዬ ኮከብ ነጠላዋን ቀስ ብላ አዙራ ለበሰችና፣ ‹እውነቷን ነው፤ እንዲህስ የሚሰደበው በሕይወት ያለ ነው› አለች። ቀጥሎ የሆነው ሣቅ ነው። የማንኪራዎቹ ማሩን ለሕክምናው ይሁን ብለው ትተውልህ ሄዱ፤ ማርቲ እንድትቀበለው በአውቶቡስ ልኬልሃለሁ፣ መዋጥ ከቻልህ። ባነሩን ማሙሽ በመሰላል ወጥቶ አወረደው።

እናታችንን ያማኸው ነገር ተነሥቷልና፣ በዚያው ልቋጨው። ዘፈንህ መጀመሪያ በሬዲዮ የተሰማ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ እልል ሲል እርሷ ብቻ፣ ‹ምን ያጓራል ይሄ!› ብላ ወደ ደጅ ወጥታ እንትፍ፣ እንትፍ ማለቷን ለጋዜጠኛ ነግረህ፣ ‹እናቴ እንኳ አልወደደችልኝም› አልህ። ጋዜጠኛው ከአንተ በፊት ሁለት ወንድሞች እንደ ነበሩን አልጠየቀህም፤ አንተም አላየሃቸውም፣ እኔ ግን አዝያቸዋለሁ። የፊተኛውን በክርስትናው ዕለት እንግዳ ሁሉ ዓይኑን ሲያወድስ ዋለ፤ ኩፍኝ ወሰደው። ተከታዩን ወፍራምነቱን አወደሱት፤ ሳል ወሰደው። አንተ የመጣህ ዕለት እናታችን ከጓሮው የአመድ ክምር ላይ ጣለችህ፤ የጎረቤት ሴት፣ ‹ይሄን አስቀያሚ ማን ጣለው?› ብላ አንሥታ መለሰችልን፤ በክርስትና ስምህም አንድ ቀን ሳትጠራህ፣ አመዶ እንዳለችህ ሞተች። ያቺ ምራቋን የተፋች ሴት በየቅዳሜው የሬዲዮውን ባትሪ አውጥታ፣ ለአንተ ዘፈን ሰዓት እንዲደርስላት፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣ ነበር። ፀሐይ በማይወጣበት በዚህ አገር፣ ባትሪ በብብቷ ይዛ ስታሞቅ አይቻታለሁ።

እኔ እንኳ የተማርሁ ሴት ነኝ፤ ሞት ባነር ያነባል ብዬ አላምንም። ባነሩን ያስወረድሁት ዝናብ እንዳያበላሸው ብዬ ነው፤ እዚህም የጻፍሁት ሁሉ ሂስ እንጂ ሌላ አይደለም። ፈረንጆቹ ቢያሞግሱህ፣ ልጆቹ ከጊዜው የቀደመ ቢሉህ፣ አዎን አትበላቸው፤ እኅቴ መጥፎ ነው ብላለች በላቸው፤ ማርቲም በሆስፒታሉ ክፍልህ ውስጥ ውዳሴ የያዘ ካርድ ካለ ታንሣልኝ። ስለ ካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ገና ምኑንም አልነካሁም፤ የምወቅስህ ብዙ አለኝና፣ በስተርጅናዬ ሙት ወቃሽ አታድርገኝ።

የአባታችን ጸሎት ከፊትህ ይቅደም፤ የእናታችን ምራቅ በራስህ ላይ አይድረቅ፤ የሐኪሞቹን እጅ እግዚአብሔር ያጽና፤ ልጅህን ያቁምልህ። አሜን።

እታለም ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት፣ ነርሷ ስምህን ስትጠይቅህ፣ የመዝገቡን ስም ከነገርሃት በኋላ፣ ድምፅህን አውጥተህ ‹አመዶ› በላት።